ሁለተኛው ሽቦ

«የሞተው ኤሌክትሪሺያን ነው» ሲሉት ኢንስፔክተር ኔቪል ክሮስሊ በልቡ አንድ ስም ጠራ። ኩሽናው በር ላይ ደርሶ ሬሳውን ሲያይ ግን ምኞቱ እንዳልሰመረለት አወቀ። ከእቃ ማጠቢያው ሥር በጎኑ የተጋደመው ዴሪክ አክሮይድ ነው እንጂ ክላይቭ አትሊ አይደለም። በገዛ ሐሳቡ ትንሽ አፈረ። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ገባ።

አክሮይድና አትሊ ሃሊፋክስ ከተማ ውስጥ አንድ ነጭ ቫን እየነዱ አብረው የሚሠሩ ሁለት ኤሌክትሪሺያኖች ናቸው። ክላይቭ አትሊ ከሦስት ዓመት በፊት የክሮስሊ መኝታ ቤት ውስጥ ሶኬት ሊጨምር መጥቶ ነበር፤ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የክሮስሊ ሚስት ጆይስም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው። ክሮስሊ «ወሰደብኝ» ነው የሚለው። ጆይስ ዕቃ አይደለችምና ማንም አልወሰዳትም፤ ሻንጣዋን አንጠልጥላ በእግሯ ነው የወጣችው። ይህን ቢነግሩት ግን አይሰማም። ሶኬቱ እስከ ዛሬ ከአልጋው ራስጌ አለ፤ ክሮስሊ አንድም ቀን ምንም ነገር ሰክቶበት አያውቅም።

ሳጅን ኦልድሮይድ ከሬሳው አጠገብ በርከክ ብላለች። ወጣት ናት፣ ቀልጣፋ፣ ክሮስሊን የማትፈራ ብቸኛዋ የጣቢያው ሰው።

«አለቃ፣ ይችን ይመልከቱ» አለችው።

የሶኬቱ ክዳን ተፈትቶ በሽቦው ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ውስጥ ካለው ሳጥን ሁለት ግራጫ ገመዶች ብቅ ብለዋል። አንደኛው ከሶኬቱ ጋር ታስሯል። ሁለተኛው ከምንም አልታሰረም፤ ጫፉ የተላጠ ነው። የሟቹ ፒንሳ ወለሉ ላይ ወድቋል። ግራ እጁ የብረቱን ማጠቢያ እንደያዘ ነው የተገኘው።

ከመብራት መሥሪያ ቤት የመጣው መርማሪ መሣሪያውን አስጠግቶ ራሱን ነቀነቀ። «የሶኬቶቹ ፊውዝ ወልቋል። ሶኬቱም ሞቷል። ይኼ ብቻውን የተቀመጠው ሽቦ ግን መብራት አለው፤ ከሌላ ፊውዝ ነው የሚመጣው፤ ባዶ መሆን ከነበረበት። የፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ብሎኑ ላይ አዲስ የካቻቪቴ ጭረት አለ። ይኼ በስህተት የሚሆን ነገር አይደለም።»

«ማን ነው ይህን መሥራት የሚችል?»

«ሙያውን የሚያውቅ ነዋ» አለ ሰውዬው።

ክሮስሊ ይህቺን ቃል እንደ ደረሰኝ ኪሱ ከተታት።

የቤቱ ባለቤቶች ሳሎን ተቀምጠዋል። ትሬቨር ኦግደን ከመድን ድርጅት ጡረታ የወጣ፣ ሹራቡን በዚህ ሙቀት እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። ሚስቱ ሞሪን በዕድሜ አሥር ዓመት ታንሰዋለች፤ ዓይኗ ከልቅሶ ብዛት አብጧል። ክሮስሊ እብጠቱን አየና «ለአንድ ኤሌክትሪሺያን ይህ ሁሉ እንባ?» አለ በልቡ።

«ሶኬቱ ተሰንጥቆ ነበር። ሞሪን ድርብ ይሁንልኝ አለች፤ ዴሪክን ጠራነው» አለ ትሬቨር። «‹የሶኬቶቹን ፊውዝ ንቀልልኝ› አለኝ። ነቀልኩለት። ቴስተሩን ሰክቶ አየና ‹ሞቷል› አለኝ። ከዚያ እኔ ጓሮ ወጣሁ። እኔ እኮ ጌታዬ፣ አምፖል መቀየር የሚፈራ ሰው ነኝ።»

«ቴስተሩን ሶኬቱ ላይ ብቻ ነው የሞከረው?»

«አንድ ጊዜ ነው ያየው። ዴሪክ ሁለት ጊዜ የሚያይ ሰው አልነበረም።»

«ከእሱ ሌላ ሶኬቱ አጠገብ የደረሰ ባለሙያ አለ?»

ሞሪን መሐረቧን ከአፍንጫዋ አነሳች። «ክላይቭ ሰኞ ዕለት ሥራውን ሊያይ መጥቶ ነበር። ሻይ ሰጠሁት። ዳቦ አልቆብኝ ብቻውን ኩሽና ትቼው እታች ሱቅ ድረስ ሄድኩ።»

ክሮስሊ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ፊቱ ላይ እንዳይታይበት ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ።

መኪና ውስጥ ኦልድሮይድ ቁልፉን ይዛ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች። «በሠራተኞቹ ክበብ የተደረገውን ሰምተዋል አይደል? ክላይቭ ባለፈው ሰሞን ዴሪክን በቦክስ ጥርሱን አራግፎታል።»

«በምን ምክንያት?»

«አለቃ፣ ባልነግርዎ ይሻላል።»

«ንገሪኝ።»

«ዴሪክ ሁለት ዙር አብሯት ደነሰ። ከጆይስ ጋር። ከዚያ ለክላይቭ ‹ከፖሊስ የተረፈውን ነው የምትበላው› ብሎ ሳቀበት።»

ክሮስሊ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ክላይቭ በጆይስ ይቀናል ማለት ነው። በእሱ ጆይስ። ቅናቱ እንኳ ከእሱ ተሰርቆ የተወሰደ ሆኖ ታየው፤ ቆሽቱ አረረ።

«ይህን ጉዳይ ለሌላ ሰው ያስተላልፉት» አለች ኦልድሮይድ። «ክላይቭን እርስዎ ከያዙት እውነት ቢሆን እንኳ ሰው አያምንም። ውሸት ከሆነ ደግሞ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን እስር ቤት መበስበሱ ነው።»

«ከጆይስ ጋር ከተፋታን ቆይተናል። ነገሯ አያገባኝም።»

«እሺ» አለች፤ ግን እሺ ያለችበት ድምፅ እሺ አይመስልም ነበር።

ክላይቭ አትሊን በዚያው ቀን አመጡት። ረጅም ነው፣ ቀጭን፣ ጸጥ ያለ። ክሮስሊ ሰውዬው ቢሳደብ ቢፎክር ደስ ባለው፤ ክላይቭ ግን ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው። ክሮስሊ እጆቹን ያያል። ረጃጅም ጣቶች ናቸው፣ ጥፍራቸው የተከረከመ። ጥፍሩን ማን እንደሚከረክምለት ያውቃል፤ ለእሱም ትከረክምለት ነበር።

«እንዴት እንደተሠራ አስረዳኝ» አለው።

«ወረቀት ስጠኝ።» ክላይቭ ክብ ሣለ። «እዚህ አገር የቤት ሶኬት ዙር መስመር ነው። ሽቦው ከፊውዙ ይነሳል፣ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ያዳርሳል፣ ተመልሶ እዚያው ፊውዝ ውስጥ ይገባል። ለእያንዳንዱ ሶኬት መብራቱ ከሁለት ወገን ይመጣለታል ማለት ነው። አንዱን ወገን ብትቆርጠው በሌላው ይመጣል፤ ቤቱ ሁሉ ይሠራል፤ የሚያውቅብህ የለም።»

«ሌላስ ዓይነት አለ?»

«ቅርንጫፍ መስመር አለ።» ቀጥ ያለ መስመር ሣለ። «ከፊውዙ ይወጣል፣ መጨረሻው ሶኬት ላይ ያልቃል፣ አይመለስም። መሃሉን ብትቆርጠው ከዚያ ወዲያ ያለው ጨለማ ነው። ባሕር ማዶ እንዲህ ነው የሚሠሩት። ጀርመን ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እዚያ ሰው ሳጥን ከፍቶ ሁለት ሽቦ ካየ ሁለቱንም ለየብቻ ይጠረጥራል። እኛ ግን ከልጅነታችን ዙር ነው የተማርነው። ሁለት ሽቦ ካየን የአንድ ዙር ሁለት ጫፍ ነው ብለን እናምናለን። ፊውዙ ከወጣ ሁለቱም ሞተዋል። እጃችንን እንከታለን።»

«ዴሪክም እንደዚያ አደረገ።»

«ዴሪክ የባሰበት ነበር። ለመሞከር የሚባክነው ጊዜ ያናድደዋል።» ክላይቭ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንድ ሰው ከዙሩ ጫፎች አንዱን ከፊውዙ ነቅሎ ባዶው ፊውዝ ላይ አሰረው። ከዚያ ኩሽና ያለውን ሶኬት ከፍቶ አንዱን ሽቦ ፈታና ወደ ኋላ ቀበረው። ዙሩ ሁለት ቅርንጫፍ ሆነ። አንዱ ቅርንጫፍ ኩሽናውን ያበራል፣ ሌላው ሳሎኑን፤ ሁለቱም ይሠራሉ። ዴሪክ ሶኬቱን ሞከረ፤ የተያያዘው ሽቦ ሞቷል። ክዳኑን ሲከፍት ሁለተኛውን ሽቦ ተፈትቶ አገኘው። ‹የማን እብድ ነው ሳያስረው የሄደው› ይላል። አንስቶ ጫፉን ሊያስተካክል ነው። አለቀለት።»

«አሳምረህ ታውቀዋለህ።»

«ሥራዬ ነው።»

«ሰኞ ዕለት እዚያ ኩሽና ውስጥ ብቻህን ነበርክ። ዴሪክን ደግሞ በጆይስ ነገር ጥርሱን ሰብረኸዋል።»

ክላይቭ ቀና ብሎ አየው። «እኔ ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። ሳጥኑን አልከፈትኩም። በጆይስ የመጣብኝን ሰው ፊት ለፊት እመታዋለሁ እንጂ ከግድግዳ ጀርባ አልገድልም። አንተ ይህን ታውቃለህ። ለአንተም የጆይስን ነገር ፊት ለፊት ነው የነገርኩህ።»

እውነቱን ነው፤ ፊት ለፊት ነው የነገረው። በራፉ ላይ ቆሞ፣ ዝናብ እየመታው። ለዚያ ነው ክሮስሊ እስከ ዛሬ ይቅር ያላለው፤ እንደ ሌባ ቢደበቅ ይሻለው ነበር።

«እስር ክፍል አስገባው» አለ ለዘበኛው።

የዚያን ቀን ራቱን በደንብ በላ። ጆይስ በዚያች ትንሽ ቤታቸው ብቻዋን እንደምታድር እያሰበ አጣጣመው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኦልድሮይድ ካልሄድን ብላ ጎትታ ኦግደኖች ቤት ወሰደችው። ትሬቨር ጓሮ ሽንኩርቱን ይኮተኩታል፤ ሞሪን የልብስ ክምር ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

«በቀደም በመብራታችሁ ላይ ችግር አይታችሁ ነበር?» ጠየቀቻት ኦልድሮይድ።

«ችግሩ ይህ ካውያ ነው» አለች ሞሪን። «ገመዱ አልቋል፤ ስነካው ኮንታክት ያደርግና ፊውዝ ያቃጥላል። መሰኪያው ውስጥ ያለውን የካውያውን የገዛ ራሱን ትንሽ ፊውዝ ትሬቨር በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ስለጠቀለለው የሚቃጠለው የቤቱ ትልቁ ነው። አዲስ ግዛልኝ ብለው ይሠራል ይላል። ሐሙስ ማታ እንኳ አቃጠለው፤ ኩሽናውም ሳሎኑም ድርግም አለ። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ትሬቨር አበደ።»

«ሁልጊዜ አንድ ላይ ነው የሚጠፉት?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ላይ ነው። እሁድ ግን ደግነቱ ሌላ ሆነ። ስተኩስ ኩሽናው ጠፋ፤ ቴሌቪዥኑ ግን አልጠፋም። የዮርክሻየር ቡድን ክሪኬት እየተጫወተ ነበር። ‹ትሬቨር፣ ዛሬ እድለኛ ነህ፣ ጨዋታህ አልተቋረጠም› አልኩት። ‹ዝም ብለሽ ተይኝ› አለኝ።»

ክሮስሊ ያጠፈውን እግሩን ዘረጋ። ክላይቭ ወረቀት ላይ የሣላቸው ክብና ቀጥ ያለ መስመር ዓይኑ ላይ መጡበት። ሐሙስ ቤቱ አንድ ዙር ነበር፤ አንድ ፊውዝ ሲቃጠል ሁሉም ጠፋ። እሁድ ግን ሁለት ቅርንጫፍ ሆኗል። ክላይቭ የመጣው ሰኞ ነው። ሲመጣ ወጥመዱ ተጠምዶ ቆይቶታል።

ሊደሰት ይገባው ነበር፤ መርማሪ ነው። ደስታ ግን አልተሰማውም፤ አፉ ውስጥ የያዘውን ጥሩ ነገር መንጭቀው ያወጡበት ያህል ነው የሆነበት።

«ክላይቭ ቁልፍ ይኖረው ይሆናል» አለ ወጥተው። «ቅዳሜ ሰርቆ ገብቶ ይሆናል።»

ኦልድሮይድ ቆማ አየችው። «ከሐሙስ እስከ እሁድ የት እንደነበረ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ከእኛ አንዳችን መጠየቅ አለብን። እኔ ልሂድ?»

«እኔ እሄዳለሁ።»

ጆይስ በሩን ከፈተችና ሳታስገባው ቆመች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ያምርባታል፤ ያ ነው የከነከነው።

«ፈታኸው?»

«ከዓርብ እስከ እሁድ የት ነበረ?»

«ከኔ ጋር። ስካርብራ።»

«ስካርብራ ምን ትሠራላችሁ?»

«ሰው ስካርብራ ምን ይሠራል፣ ኔቪል? ባሕር አየን። ዓርብ ጠዋት ሄደን እሁድ ማታ ተመለስን። ያደርንበት ቤት ሴትዮዋን ደውለህ ጠይቃት፤ ክላይቭ የተበላሸ መብራቷን ሠርቶላት ለቁርስ እንቁላል ጨምራልናለች።»

አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ በየበጋው ስካርብራ እንሂድ ስትለው ኖራለች። በየበጋው ሥራ አለብኝ ብሏታል። አሁን ያየው ባሕሩን አይደለም፤ ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እንቁላል ሲካፈሉ ነው። ጥርሱን ነክሶ ማስታወሻውን ከደነ።

«ለምን ትናንት አልጠየቅከኝም?» አለችው።

ደህና ዋይ ብሎ ወረደ። ስካርብራ ደውሎ ሴትዮዋን አገኛት። እንቁላሉ እንኳ እውነት ነበር።

አመሻሹ ላይ ትሬቨር ኦግደን አሁንም ጓሮ ነበር። ክሮስሊ ኦልድሮይድን ከሞሪን ጋር ትቷት ብቻውን ወጣ።

«ቅዳሜ ሚስትዎ የት ነበሩ?»

«እህቷ ጋ፣ ስኪፕተን።»

«እርስዎ ቤት ብቻዎን ነበሩ።»

«አዎ።»

«እሁድ ኩሽናው ሲጠፋ ቴሌቪዥንዎ ቀረ። በሃያ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደርስ ሰው ‹ምን ጉድ ነው› ይላል። እርስዎ ሚስትዎን ዝም በይ አሏት። አልገረመዎትም፤ ያውቁ ነበርና።»

ትሬቨር ዶማውን አስደግፎ ቆመ። ሽንኩርቶቹን አያቸው። የሚክድ ሲመስል ሹራቡን ፈታ፤ ያ የተቆለፈ ሹራብ።

«ራሱ ነው ያስተማረኝ» አለ። «ዴሪክ። ባለፈው ክረምት የሳሎኑን ሲሠራ ባትሪ ያዝልኝ አለኝ። በገዛ ቤቴ፣ እንደ ልጅ። ሳጥኑን ከፍቶ ‹እይ ትሬቨር፣ ሁለት ሽቦ ነው፣ አንድ ዙር ነው፣ ፊውዙን ያወጣ ሰው ውስጡ ቢተኛም አይነካውም› ይለኛል። ሞሪን በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። በሚናገረው ሁሉ ትስቃለች። እኔ ባትሪ ይዤ ቆሜያለሁ።»

«በመካከላቸው ነገር ነበር?»

«አላውቅም። አልጠየቅኳትም።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እኔ ያየሁት ሳቋን ነው። ከኔ ጋር እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ሶኬቱ ተሰነጠቀ ስትለኝ ገና ስሙን ሳትጠራ ፊቷ በራ። ያኔ ወሰንኩ።»

ክሮስሊ ካቴናውን አወጣ። ትሬቨር እጁን ዘረጋለትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንተ ይገባሃል አይደል? ያንተን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ቢመችህ አንተም ታደርገው ነበር።»

«ዝም ይበሉ» አለው ክሮስሊ፤ ካቴናውንም ከሚያስፈልገው በላይ አጠበቀው።

ጣቢያ ሲደርሱ የትሬቨር ቃል ተጻፈ፣ ተፈረመ። ኦልድሮይድ የክፍሎቹን ቁልፍ ከመስቀያው አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «ክላይቭን እንልቀቀው።»

«ነገ» አለ።

«ነገ ለምን?»

«ወረቀቱን ጠዋት እጨርሳለሁ። ደክሞኛል።»

«አለቃ፣ ስካርብራ ከደወሉ ጀምሮ ንጹሕ መሆኑን ያውቃሉ።»

«ነገ አልኩ፣ ሳጅን።»

ኮቱን ለብሶ ወጣ። ክላይቭ አንዲት ተጨማሪ ሌሊት ከጆይስ ተለይቶ ያድራል፤ የእሱን ሦስት ዓመት በአንዲት ሌሊት። ብዙ የጠየቀ አልመሰለውም። ቤቱ ገብቶ አልጋው ላይ ጋደም አለና ትሬቨር ባትሪ ይዞ ቆሞ እየታየው ሲገላበጥ አደረ።

ጠዋት ጆይስን መቀበያው ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት። ክላይቭን ራሱ ሄዶ አወጣው። ቀበቶውንና የጫማውን ክር መለሰለት። ሰውዬው ጢሙ አድጎ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር።

«ኦግደን አምኗል» አለ ክሮስሊ። «ነጻ ነህ።»

«መቼ ነው ያመነው?» አለች ጆይስ።

ዛሬ ጠዋት ሊል ይችል ነበር። ኦልድሮይድ መዝገቧ ላይ አቀርቅራለች፤ አታጋልጠውም። ክሮስሊ ግን ትሬቨር ጓሮው ውስጥ «አንተም ታደርገው ነበር» ያለው ትዝ አለው፤ መዋሸት አቃተው።

«ትናንት ማታ» አለ። «ንጹሕ መሆኑን ያወቅኩት ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። ካንቺ ጋር ከተነጋገርን በኋላ። ሆን ብዬ ነው ያሳደርኩት።»

ጆይስ አልጮኸችም። ቦርሳዋን ከጭኗ አንስታ ቆመች።

«ሦስት ዓመት ሙሉ» አለች፣ «ሰው ባንተ ላይ ክፉ ሲናገር አፉን ሳስይዝ ነበር። ኔቪል ሥራ የበዛበት ነው እንጂ ክፉ አይደለም፣ ሰው አይበድልም እል ነበር። ለክላይቭም ሳይቀር። ከዛሬ ጀምሮ አልልም።»

ክላይቭ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። አስሮ ጨረሰና ቀና አለ።

«እኔ እኮ እንዲህ ስትሟገትልህ ነበር የምቀናብህ» አለው።

ጆይስ ክንዱን ይዛ አወጣችው። ክሮስሊ መቀበያው መሃል ቆሞ ቀረ። ኦልድሮይድ የመፍቻውን ቅጽ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት፤ ክላይቭ ትናንት የተፈታ እንዲመስል የትናንቱን ቀን ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳ፣ ከዚያ ግን የዛሬውን ጽፎ ፈረመ።